«እኔ ብቻ?» ለሚል ልጅ በጀመዓ የሚሰጥ መልስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በጫግኒ ከተማ ጠዋት በመደበኛ ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንቆማለን፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ ልጆችን ቁርኣን እናስቀራለን። በዚህ ምክንያት አንዱን ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ የምናገኝበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ጠዋት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዓይኑ ደም መስሎ የሚታየው ልጅና ማታ ሱራው መሐል ላይ የሚያንጎላጀው ልጅ ያው አንድ ልጅ መሆኑን የምናውቀውም ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ልጆቹ ተሰናብተው ከወጡ በኋላ አንዲት አያት መድረሳው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ልጃቸው ዐረብ አገር ለሥራ ሄዳለች፤ የአሥራ አንድ ዓመቱን የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት እርሳቸው ናቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ እንዲህ አሉን፦

«ኡስታዝ፣ ስልኩን የላከችለት እናቱ ናት። እኔ አሮጊቷ ምን ብዬ ልቀማው? ሌሊት ጋቢ ተከናንቦ ሲያይ ያድራል። ‹አምጣ› ስለው ‹ሁሉም ልጅ ይዟል፤ እኔ ብቻ ባዶ እጄን ልሁን?› ይለኛል። ደግሞስ የቤት ሥራውን በስልክ የምትልኩት እናንተው አይደላችሁ?»

የመጨረሻዋ ጥያቄ መልስ አሳጣችን፤ እውነት ነበረችና። ልጆቹ ቤታቸው ሆነው ሒፍዛቸውን እንዲከልሱ በማሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን የቂርኣት ድምፅና የቤት ሥራ እንልክ ነበር። ኒያችን መልካም ነው ብለን እናምን ነበር። ይሁን እንጂ በአንድ በኩል «ልጆቹ በስልክ ጠፉ» እያልን ስንማረር፣ በሌላ በኩል ስልክ የሌለውን ልጅ ከትምህርቱ እያጎደልን፣ ወላጁንም ሳይወድ በግድ እንዲገዛ እየገፋን ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳነውም ከዚያች ጥያቄ በኋላ ነው።

«ሁሉም ይዟል» እውነት ነውን?

በማግሥቱ በመድረሳው «የግሉ ስማርት ስልክ ያለው እጁን ያውጣ» ብለን ጠየቅን። የወጡት እጆች ከገመትነው ያነሱ ነበሩ። ከየቤቱ ግን የሚሰማው «ሁሉም ይዟል» የሚለው ቃል ነው። አንዱ አባት የጎረቤቱ ልጅ ስለያዘ ይገዛል፤ ጎረቤቱ ደግሞ የገዛው የዚህኛው ልጅ ሊገዛለት ነው ሲባል ሰምቶ ነው። ሁለቱም ልባቸው አልወደደውም፤ ሁለቱም ግን ልጃቸው ከጓደኞቹ እንዳያንስ ሰጉ። እናም ማንም ያልፈለገውን ነገር ሁሉም አደረገው።

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። የወላጆች ድክመት ብቻ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሲከለክል ልጁ ቅጣት ይመስለዋል፤ ከጓደኞቹ ወሬና ጨዋታም ይገለላል። አሥር ቤተሰቦች በአንድነት «ትንሽ ይቆይ» ሲሉ ግን ልጁ «እኔ ብቻ?» የሚልበት ምክንያት ያጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ!

ስልኩ በምን መንገድ ገባ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ስልክን በጅምላ ለማውገዝ አልተነሳንም። ዐረብ አገር ያለች እናት የልጇን ፊት የምታየው በስልክ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነጋዴው ገንዘቡን በስልክ ይልካል፣ ይቀበላል። ዳዕዋም በስልክ ይደመጣል። ነገሩ የትልቅ ሰው መሣሪያ በልጅ እጅ መግባቱ ላይ ነው።

የገባበትም መንገድ ቀስ በቀስ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ ልጆች ቤት ዋሉ። ከዚያም በኋላ በክልላችን በደረሰው የጸጥታ ችግር ልጆች ከትምህርት ገበታ የራቁባቸው ረጅም ጊዜያት ነበሩ። ልጁ ውጭ እንዳይወጣ የሰጋ ወላጅ ስልኩን እንደ ሞግዚት ቢቆጥረው ልንፈርድበት አንችልም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱን እናስታውሳለን። ያን ጊዜ አንዳንዶቻችን «ልጆቹ አሁን እንኳ ከስልክ ይላቀቃሉ» ብለን ነበር። አልተላቀቁም። ፊልሙንና ጨዋታውን በሜሞሪ ካርድ እያስጫኑ ቀጠሉ። በግድ የመጣ መቋረጥ ተርቢያ አይሆንም። ተርቢያ የሚሆነው ወላጅና ልጅ ምክንያቱን አውቀው፣ በምትኩ ሌላ መልካም ነገር አዘጋጅተው የሚይዙት ነገር ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

በመጀመሪያ ደረጃ የሚነካው እንቅልፍ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለበት የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። ሌሊት ጋቢ ውስጥ ስልክ የሚያይ ልጅ ፈጅርንም ትምህርቱንም ያጣል።

በሁለተኛ ደረጃ የአእምሮ ጤና ጉዳይ አለ። የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና አማካሪ የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ማሳሰቢያ፣ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያሳልፉ ልጆችና ወጣቶች ለድብርትና ለጭንቀት ምልክቶች የመጋለጥ ዕድላቸው በእጥፍ እንደሚጨምር ገልጸዋል። እርግጥ ነው፣ በዚህ ጉዳይ ምሁራን ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። ጆናታን ሃይት የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት መጽሐፍ ለወጣቶች ጭንቀት መባባስ ዋናው ምክንያት ስማርት ስልክ ነው ሲሉ፣ ሌሎች ምሁራን ደግሞ ማስረጃው ያን ያህል አልጠነከረም ብለው ሞግተዋቸዋል። ዳሩ ግን በልጅ ጉዳይ ጥርጣሬ ሲኖር መጠንቀቅ ከመጸጸት እንደሚሻል ማን ይክዳል?

በሦስተኛ ደረጃ የአኽላቅ ጉዳይ አለ። ዓይን ሊያየው የማይገባ ምስል፣ የኳስ ቁማር፣ ስሙን ለውጦ ከልጅ ጋር የሚጻጻፍ እንግዳ ሰው፣ ሁሉም በዚያችው ትንሽ መስታወት ውስጥ አሉ። ልጁ ሊፈልጋቸው ባይሄድ እንኳ እነርሱ ይመጡበታል።

«ድርጅቶቹ ራሳቸው 13 ዓመት ብለው ወስነው የለምን?» የሚል ይኖራል። ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የወጣ አንድ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለን ልጅ የግል መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን ከለከለ። ድርጅቶቹ ያን ተከትለው 13ን መነሻ አደረጉ። እንግዲህ ቁጥሩ የተወሰነው ስለ መረጃ አሰባሰብ እንጂ የልጅ አእምሮ በዚያ ዕድሜ በስሏል ተብሎ አይደለም።

ሌሎች ምን አደረጉ?

በአየርላንድ ከዱብሊን በስተደቡብ ግሬይስቶንስ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያ አካባቢ የሚገኙ 8 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የወላጅ ማኅበራት ተሰብስበው፣ ልጆቻቸው ሁለተኛ ደረጃ እስኪገቡ ድረስ ስማርት ስልክ ላለመግዛት ተስማሙ። ስምምነቱ በፈቃደኝነት የተመሠረተ ነው፤ ቅጣትም ፖሊስም የለበትም። የሚሠራውም በትምህርት ቤት ግቢ ብቻ ሳይሆን በቤትም በመንገድም ነው። ለዚህ ያነሳሳቸው መምህራን በልጆቹ ላይ ያዩት ጭንቀት ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ በኦስቲን ከተማ አንዲት እናት «እስከ 8ኛ ክፍል እንጠብቅ» የሚል የወላጆች ቃል ኪዳን ጀምራለች። የአሠራሩ ብልሃት አስተማሪ ነው። አንድ ወላጅ ብቻውን ቢፈርም ቃል ኪዳኑ ገና አይጸናም፤ የሚጸናው በልጁ ትምህርት ቤት፣ በዚያው የክፍል ደረጃ ቢያንስ 10 ቤተሰቦች ሲፈርሙ ነው። በመሆኑም የሚፈርም ሰው ብቻዬን እቀራለሁ ብሎ አይፈራም። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሁለት እናቶች የጀመሩት የዋትስአፕ ግሩፕ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሺዎች በሚቆጠሩ ወላጆች ተጥለቅልቆ አገር አቀፍ እንቅስቃሴ ሆኗል።

አውስትራሊያ ደግሞ በሕግ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ምክር ቤቱ ያጸደቀውና ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በታላላቆቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች አካውንት እንዳይኖራቸው ያዛል። ቅጣቱ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይደርሳል፤ የሚቀጣው ግን ድርጅቱ እንጂ ልጁ ወይም ወላጁ አይደለም።

ስልኩን የሠራው ዓለም ራሱ ለልጆቹ ሲል ወደ ኋላ መመለስ ጀምሯል። እኛ ጉዳቱን ሁሉ ቀምሰን እስክንጨርስ ለምን እንጠብቃለን?

በዲናችንና በባህላችን አዲስ ነገር አይደለም

ለበጎ ነገር ቃል መጋባት ለሙስሊም እንግዳ አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነብይነት ከመሰጠታቸው በፊት፣ በመካ በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት የቁረይሽ ጎሳዎች ተሰብስበው ለተበደለ ሰው በአንድነት ሊቆሙ ተማምለው ነበር። ሒልፈል ፉዱል በመባል የሚታወቀው ይህ ነው። የየመን ነጋዴ የሸጠውን ዕቃ ዋጋ ተከልክሎ ቢጮህ አንድ ሰው ብቻውን ሊያስመልስለት አልቻለም፤ ሲማማሉ ግን ገንዘቡ ተመለሰ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያ ተገኝተው ነበር፤ በኋላም በእስልምና ዘመን ለእንዲህ ያለው ቃል ኪዳን ቢጠሩ እንደሚገኙ ተናግረዋል።

«ልጁ የሚያድገው መቼ ነው? ስልኩስ መቼ ይሰጠው?» ለሚለውም ዲናችን መንገድ ያሳያል። በሱረቱ-ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) የየቲሞችን ንብረት የሚጠብቅ ሰው ልጆቹን እንዲፈትን፣ ሩሽድ ማለትም የማስተዋል ብስለት ሲያይባቸው ንብረታቸውን እንዲያስረክብ አዟል። ገንዘቡ የልጁ የራሱ ሆኖ እንኳ ብስለት እስኪታይ ይጠበቃል ማለት ነው። ሶላትም ቢሆን በሰባት ዓመት ይለመዳል፣ በአሥር ይጠብቃል። ሁሉም ነገር ጊዜና ደረጃ አለው።

አዊ የፈረስ አገር ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሰኛው ሲጋልብ ያላየ ልጅ በመካከላችን አይገኝም። ታዲያ ፈረሰኛ አባት ለአምስት ዓመት ልጁ ሰንጋ ፈረስ ልጓሙን ፈትቶ ይሰጠዋልን? አይሰጠውም። መጀመሪያ ከኋላው ያፈናጥጠዋል፤ ቀጥሎ ልጓሙን ይዞለት ያስኬደዋል፤ ጉልበቱና ልቡ ሲጸና ብቻ ይለቀዋል። ልጁም ፈረስ ተከለከልኩ ብሎ አያኮርፍም፤ ቀኑ እንደሚመጣ ያውቃልና።

ዕድርንና ዕቁብንም እናስብ። ቀብር ከባድ ስለሆነ ዕድር አቋቋምን። ገንዘብ ማጠራቀም ለብቻ ስለሚያቅት ዕቁብ ገባን። ልጅ ማሳደግ ከሁለቱም አይከብድምን?

በጫግኒ እንዴት እንጀምር?

ከአያቲቱ ጥያቄ በኋላ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ጥቂት ወላጆችን አነጋገርን። አንዱ አባት «የጀመረውን ዓለም እናንተ ታቆሙታላችሁ?» ብለው ሳቁ። ሌሎቹ ግን ቁጭ ብለው ተመካከሩ። የተስማሙባቸውም ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

1ኛ. ልጁ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን እስኪወስድ ድረስ የግሉ ስማርት ስልክ አይኖረውም። ማኅበራዊ ሚዲያ ደግሞ ከዚያም በኋላ ቢያንስ እስከ 16 ዓመቱ ይቆያል።

2ኛ. ሩቅ መንገድ ለሚሄድ ወይም ገበያ ለሚላክ ልጅ ደዋይና ተቀባይ ብቻ የሆነ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል።

3ኛ. የቤቱ ስልክ የቤቱ ነው። ልጅ ሲጠቀምበት ሰው ባለበት ክፍል ይሆናል፤ ሌሊት ወላጅ ዘንድ ያድራል።

4ኛ. መምህራን የቤት ሥራን በሰሌዳና በደብተር እንሰጣለን። ይህ የእኛ ግዴታ ነው። የቂርኣት ድምፅ የሚላክ ከሆነ ለወላጅ ይላካል።

5ኛ. ለተወሰደው ጊዜ ምትክ ይዘጋጃል። ኳስ፣ የሒፍዝ ውድድር፣ መጽሐፍ መዋዋስ፣ ከአባት ጋር ሱቅና ማሳ መዋል። ባዶ ጊዜ ሰጥቶ ስልክ መንሳት ልጁን ወደ ሌላ ቤት ስልክ መላክ ነው።

6ኛ. ወላጆች በየዓመቱ መስከረም ላይ ተገናኝተው ቃላቸውን ያድሳሉ። ያቃተውን ያግዙታል እንጂ አያሳፍሩትም።

ሌላም ነገር አለ። ልጃችን ጠዋት አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ከክርስቲያኑ ጎረቤታችን ልጅ ጋር ነው። መድረሳው ብቻውን ቢስማማ ልጁ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ የሚያየው ሌላ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በወላጅ መምህራን ኅብረት በኩል ለሁሉም ወላጅ ማቅረብ ይገባል። የልጅ ጭንቀት ሃይማኖት አይለይም፤ ጎረቤቶቻችንም ከእኛ ባልተናነሰ ተቸግረዋል።

የሚነሱ ጥያቄዎች

«ልጄ ከዘመኑ ኋላ አይቀርብኝም?» ይህ ተገቢ ሥጋት ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ስለዚህ ልጆቻችን ኮምፒዩተር መማር አለባቸው። ሆኖም ቲክቶክ በጣት ሲገፋ የሚውል ልጅ ኮምፒዩተር ተማረ አይባልም። ስልኩን ለማቆየት ስንስማማ፣ ኮምፒዩተር በትምህርት ቤት በደንብ እንዲሰጥ መጠየቅም አብሮ የሚሄድ ኃላፊነት ነው።

«አስቀድሜ ገዝቼለታለሁ፤ አሁን ምን ላድርግ?» የሰጡትን መንጠቅ ቂም ያተርፋል። ልጁን አስቀምጦ «ሳላስብ ሰጥቼህ ነበር፤ ስህተቱ የእኔ ነው» ማለት ግን አባትን አያዋርድም። ከዚያም ስልኩን የቤቱ አድርጎ፣ ሰዓት ወስኖ መጀመር ይቻላል።

«እኛስ ራሳችን?» ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። እራት ቀርቦ ዓይናችን ስልክ ላይ ከሆነ፣ ኹጥባ እየተደረገ ኪሳችን የሚንጫጫ ከሆነ ልጁ የሚማረው ከምላሳችን ሳይሆን ከእጃችን ነው። እያንዳንዳችን እረኛ እንደሆንና በሥራችን ስላሉት እንደምንጠየቅ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ስልኩ ጀነት ወይም ጀሀነም አይገባም፤ የምንጠየቀው እኛ ነን።

ለእናንተ ለወጣቶች

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ይህ ሁሉ እናንተን ስላላመንን አይደለም። ከመስታወቱ በስተጀርባ ዓይናችሁን ይዘው ለማቆየት ደመወዝ የሚከፈላቸው አዋቂ መሐንዲሶች አሉ። በዚህ ትግል አዋቂዎቹ እኛ ራሳችን ስንሸነፍ እናንተን ብቻችሁን መላክ ፍትሕ አይሆንም። ስልክ የያዛችሁ ታላላቆችም አደራ አለባችሁ። ታናሽ ወንድማችሁ ትከሻችሁ ላይ ተደግፎ የሚያየውን ነገር ቀድሞ የሚያይለት ወላጁ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ።

በመጨረሻ

የቴሌግራሙን ግሩፕ ለልጆቹ ዘግተናል። የቤት ሥራ በሰሌዳ ይጻፋል፤ እነርሱም በደብተራቸው ይገለብጣሉ። አያቲቱ በሌላ ሰው ስልክ ዐረብ አገር ላለችው ልጃቸው ደውለው ነገሩን አስረዷት። እናትየው መጀመሪያ አለቀሰች፤ ስልኩን የላከችው በአካል ልትሰጠው ያልቻለችውን ፍቅር እንዲተካላት ነበርና። በኋላ ግን ተስማማች። አሁን ስልኩ የሚቀመጠው በአያት ሳጥን ውስጥ ነው። ከዒሻ በኋላ ይወጣል፤ ሦስቱም በአንድነት ይነጋገራሉ፤ ልጁም የቀራውን ለእናቱ ያሰማታል፤ ከዚያ ይቆለፋል። ልጁ መጀመሪያ ሦስት ቀን አኩርፎ ነበር። በአራተኛው ቀን የጓደኛው ስልክም መቆለፉን ሰማ።

እስከ አሁን የተስማሙት ሰባት ቤተሰቦች ናቸው። አሥር ለመሙላት ሦስት ይቀራሉ። እርስዎ በሚኖሩበት ሰፈር ደግሞ ምናልባት ገና አንድ ሊሆን ይችላል፤ ያ አንድ እርስዎ ከሆኑ ዛሬ ማታ ጎረቤትዎን ያነጋግሩ። እርሱም የሚያነጋግረው ሰው ሲጠብቅ ሊሆን ይችላል።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ በበጎ ነገር የምንተጋገዝም ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።